ክፍተትን መሙላት ወይስ ችሎታን መምረጥ? የጅግጅጋና የሰሜን ሶማሌ ክልል ከተሞች ክለቦች የተጫዋች ምልመላ

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ክረምት የዝውውር ወቅት ነው። አሠልጣኝ ይቀየራል፤ ውላቸው ያበቃ ተጫዋቾች ይሰናበታሉ፤ ክለቦችም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲስ ቡድን ለማቆም ይሯሯጣሉ። በዚህ ሩጫ መካከል የሚነሣው ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ «የጎደለን ምንድን ነው?» የሚል ነው። ግብ ጠባቂ ከሄደ ግብ ጠባቂ፣ አጥቂ ከሄደ አጥቂ ይፈለጋል። ጥያቄው በራሱ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ የሚጠየቅበት ጊዜ ነው፤ ቦታው ባዶ ከሆነ በኋላ ስለሚጠየቅ መልሱ ውድ ይሆናል። በጅግጅጋና በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ከተሞች ያሉ ክለቦች ደግሞ ገንዘባቸው ውስን ነው። እነርሱ በዚህ አሠራር ከገንዘቡ ይልቅ የሚያጡት በደጃቸው ያለውን ታዳጊ ነው።

በኢትዮጵያ የድራፍት ሥርዓት የለም። ክለቦች ታዳጊዎችን ተራ በተራ የሚመርጡበት መድረክም ሆነ ደካማው ቡድን ቅድሚያ የሚያገኝበት ደንብ አልተዘረጋም። ሆኖም ድራፍት ባለባቸው ሊጎች ለዘጠና ዓመት ገደማ ሲያከራክር የኖረው ጉዳይ፣ ማለትም ምርጫው ቡድኑ በሚጎድለው ቦታ ይመራ ወይስ በተገኘው የላቀ ችሎታ የሚለው፣ ጅግጅጋም ላይ በየክረምቱ ይወሰናል፤ የሚወሰነው ግን ሳይታሰብበት ነው። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የዛሬ ክፍተት በዝውውር ይሞላ። ታዳጊ ሲመረጥ ግን የዛሬው ክፍተት መመዘኛ መሆኑ ቀርቶ፣ ችሎታው ቀድሞ ይታይ፤ ቦታ የሚታሰብ ከሆነም ከሦስት ዓመት በኋላ የሚለቀቀው ቦታ ይታሰብ። ሁለቱ ውሳኔዎችም በአንድ የበጀት መደብና በአንድ ሰው እጅ አይቀላቀሉ።

ድራፍት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ ማለትም ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነበር። ሀብታሞቹ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ምርጥ ወጣቶች በገንዘብ ሲያሰባስቡ ደካሞቹ እየደከሙ ሄዱ፤ ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ የወጣው ቡድን ቀድሞ ይምረጥ የሚል ደንብ ወጣ። ዛሬ 32 ክለቦች በሰባት ዙር ይመርጣሉ፤ የአንድ ክለብ ቋሚ ስብስብም 53 ተጫዋች ነው። በታሪክ የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ በርዋንገር በዚያ ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ቀርቷል፤ ሥርዓቱ ገና ከጅምሩ የምርጫን አስተማማኝ አለመሆን አሳይቷል ማለት ይቻላል።

በክርክሩ ውስጥ ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ ግን ከቅርጫት ኳስ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሁለተኛውን ምርጫ የያዘው የፖርትላንድ ክለብ ረጅም የመሐል ተጫዋች ያስፈልገው ነበር። በጠርዝ ቦታ ክላይድ ድሬክስለርን ባለፈው ዓመት መርጦ ስለነበር እዚያ ክፍተት አልነበረውም። ስለዚህ ሳም ቦዊን ወሰደ፤ ማይክል ጆርዳን ለሦስተኛው መራጭ ለቺካጎ ተረፈ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «በፍላጎት መምረጥ ሞኝነት ነው» ለማለት ነው። አነጋገሩ ግን ፍሬ ነገሩን ይስተዋል። የፖርትላንድ ፍላጎት እውነተኛ ነበር፤ መሐሉ በእርግጥ ክፍት ነበር። ቦዊ ግን በእግሩ አጥንት ጉዳት ምክንያት ሁለት የዩኒቨርሲቲ የውድድር ዘመናት ያመለጡት ተጫዋች ነበር። ክፍተቱ የመራጮቹን ዐይን በዚያ እግር ላይ እንዲለሰልስ አደረገ። የፍላጎት አደጋ እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገንን ስንፈልግ የቆየን እንደ ሆነ ያገኘነውን ከልኩ በላይ እናየዋለን። በነሐሴ መጨረሻ ተከላካይ ሲፈልግ የሰነበተ የኢትዮጵያ ክለብ ሦስት ክለብ የቀያየረን ተጫዋች «ልምድ ያለው» ብሎ ሲያስፈርም የሚሠራው ያው ስሕተት ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ የግሪን ቤይ ፓከርስ ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2005 በሃያ አራተኛው ምርጫ አሮን ሮጀርስን ሲወስድ በዚያው ቦታ ብሬት ፋርቭ የሚባል ስመ ጥር ተጫዋች ነበረው። በዚያን ቀን ፍላጎት አልነበረም። ሮጀርስ ሦስት የውድድር ዘመን ተቀምጦ ጠበቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቦታውን ተረከበ፤ በ2011 መጀመሪያም ክለቡን ለሻምፒዮንነት አበቃ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ፍላጎት ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። ፋርቭ በእድሜ መግፋቱ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ክለቡ ያየው ገና ሊመጣ ያለውን ክፍተት ነው።

የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር ያክላል። በአሜሪካ እግር ኳስ ድራፍት በአንድ የመጫወቻ ቦታ ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች ከእርሱ ቀጥሎ በዚያው ቦታ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ 52 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይለይም። ክለቦች ግን በራሳቸው ዐይን ስለሚተማመኑ ለመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች ከሚገባው በላይ ይከፍላሉ። ያን ያህል የመረጃ ክምችት ባለበት ሊግ ውጤቱ ይህ ከሆነ፣ አንድ ታዳጊን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ አይቶ የሚወስን ሰው ምን ያህል እርግጠኛ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው፤ በአንድ «ኮከብ» ላይ ሙሉ ገንዘብን ከማፍሰስ በርካታ ታዳጊዎችን በመጠነኛ ወጪ መያዝ ይሻላል።

ድራፍቱ ምሥራቅ ኢትዮጵያንም ነክቷል። ድሬዳዋ ተወልዶ በሚኔሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ2007 ገና በ15 ዓመቱ በአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ድራፍት በኤፍሲ ዳላስ ተመረጠ። በዚያ ሊግ ታሪክ ከፍሬዲ አዱ ቀጥሎ በእድሜ ትንሹ ተመራጭ ሆነ። በዳላስ ግን ቦታ ሳያገኝ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቶሮንቶ ተዛወረ። በኋላም ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቃችበት በ2013ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድር በብሔራዊ ቡድኑ ስብስብ ውስጥ ነበር። የዳላስ ምርጫ ከፍላጎት ይልቅ ችሎታን ያስቀደመ ነበር፤ በዚህ ረገድ ሊመሰገን ይችላል። የጎደለው ለ15 ዓመት ልጅ የሚሆን መሰላል ነው። ችሎታን አስቀድሞ መምረጥ የሚያዋጣው ተመራጩ እስኪበስል የሚጫወትበት ቡድን፣ የሚያሠለጥነው ሰውና የሚጠብቀው ትዕግሥት ሲኖር ነው። እነዚህ ከሌሉ ታዳጊ መሰብሰብ ስም መሰብሰብ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ክለቦች መዝገብ ይታለፍ። አንድ 25 ተጫዋች ያለው ስብስብ ለምሳሌ ይወሰድ። ከእነዚህ 12ቱ የአንድ ዓመት፣ 13ቱ የሁለት ዓመት ውል ቢኖራቸው በየክረምቱ የአንድ ዓመቶቹ በሙሉ፣ የሁለት ዓመቶቹም በአማካይ እኩሌታ ውላቸው ያበቃል፤ በድምሩ 18 ወይም 19 ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክለብ በየዓመቱ የሚያካሂደው ማጠናከር ሳይሆን አዲስ ምሥረታ ነው። በአንጻሩ 12ቱ የሦስት ዓመት፣ 9ኙ የሁለት ዓመት፣ 4ቱ ብቻ የአንድ ዓመት ውል ቢኖራቸው በየክረምቱ የሚለቀቀው ቦታ ወደ 12 ወይም 13 ይወርዳል። ስሌቱ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው፤ ሆኖም የአጥቂና የተከላካይ ቦታዎች በአንድ ክረምት አብረው እንዳይለቀቁ ውሎችን አፈራርቆ መያዝ የሚችለው ይህን ስሌት በጽሑፍ የያዘ ክለብ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብም መንገዱን አይዘጋም፤ ውል እስከ አምስት ዓመት፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ሊፈረም ይችላል።

አጭር ውል የአሠልጣኞች ጥፋት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ከዚያ የጠለቀ ምክንያት አለው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው፤ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ድልድሉም ለአንድ ዓመት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚመደብለት የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ የሦስት ዓመት ውል ለመፈረም እጁ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ የተወሰነው ወጪን ለመግታት ነበር። የጣሪያው ዓይነት ግን ልብ ሊባል ይገባል። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ጣሪያ የአንድ ክለብ ጠቅላላ ወጪን የሚገድብ ነው፤ ለግብ አዳኝ አብዝቶ የከፈለ ክለብ ከተከላካይ መስመሩ መቀነስ ይኖርበታል። ስለዚህ ቦታን ከቦታ ማመዛዘን ግዴታ ይሆናል። በግለሰብ ደመወዝ ላይ የተጣለ ጣሪያ ይህን ግዴታ አይፈጥርም፤ ሃያ አምስት ሰው ሁሉ እስከ ጣሪያው ቢከፈለው ደንቡ አይጣስም፤ ክለቡ ግን ይከስራል። በቅርብ ዓመታት ውይይቱ ወደ ክለቦች ጠቅላላ ወጪ መዞሩ በዚህ ምክንያት የሚደገፍ ነው።

የሶማሌ ክልል በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበረው፤ የጅግጅጋ ከተማ ነዋሪም ከ125,000 በላይ ነበር። ሆኖም በአገሪቱ እግር ኳስ የምሥራቁ ስም ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት በ1950ዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ፣ ከዚያም ሐረር ቢራና ድሬዳዋ ከተማ ናቸው። ሁሉም ከካራማራ ወዲያ ናቸው። ለዚህ መራራቅ መልክዓ ምድሩም ድርሻ አለው። ከጅግጅጋ ተነሥቶ ወደ ሲቲ ዞን ለመሄድ መንገዱ በካራማራ፣ በባቢሌ፣ በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ነው። ሽንሌ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ ከሽንሌ፣ ከኤረር ወይም ከአይሻ የሚወጣ ልጅ በተፈጥሮ የሚታየው በድሬዳዋ መልማዮች ዐይን ነው። ለጅግጅጋ ክለቦች ቅርብ የሆኑት ቀብሪበያህ፣ አውባሬና ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ቶጎ ውጫሌ ናቸው። ምልመላን «በክልሉ በሙሉ» ብሎ ማወጅ ለዘገባ ያምራል። በአንድ መልማይ አቅም ሊሠራ የሚችለው ግን በእነዚህ ሦስት ከተሞች በየወሩ መገኘት ነው፤ ሲቲን በተመለከተ ከአንድ የሽንሌ የስፖርት መምህር ጋር በቋሚነት መስማማት ከአሥር የጉብኝት ጉዞ ይሻላል።

ጊዜውም ቦታውን ያህል ይመዝናል። የዝውውር ግርግር የሚበረታበት ሐምሌና ነሐሴ በፋፈንና በሲቲ የካራን ዝናብ ወቅት ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ከአርብቶ አደር ቤተሰብ የመጡ ልጆችም ከተማ ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። በክረምት ብቻ የሚመለምል ክለብ የሚያየው ከተማ የቀረውን ልጅ ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር የሚካሄድበትን ጊዜ ተከትሎ መመልከት ግን ወጪ እንኳ አይጨምርም።

የቀብሪበያህ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ የተቋቋመው የስደተኞች መጠለያ እዚያ ይገኛል፤ በዚያ ተወልዶ ያደገ ትውልድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ድራፍት በሁለተኛ ደረጃ የተመረጠው ሲያድ ሐጂ በኬንያ ከሶማሊያ ስደተኛ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ከመጠለያ አካባቢ ችሎታ ይወጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ ተመልሷል። የሚቀረው የምዝገባ ሥራ ነው፤ የታዳጊ ስደተኛ ምዝገባ በዓለም አቀፉ ደንብ የተለየ ጥንቃቄና ሰነድ የሚጠይቅ ስለሆነ ክለቡ ልጁን ከማስለፉ በፊት ከፌዴሬሽኑ ጋር መጨረስ ይኖርበታል።

ጉዳዩን ለአካባቢው ሽማግሌ ማስረዳት ለአስተዳደር ምክር ቤት ከማስረዳት ሳይቀል አይቀርም። አርብቶ አደሩ ለዕለት ወጪው ፍየልና በግ ይሸጣል፤ ግመሉን ለድርቅ ቀን ያቆያል። ሴት የግመል ግልገል ወተት እስክትሰጥ አምስት ዓመት ገደማ ትፈጃለች፤ ዛሬ ወተት የላትም ብሎ የሚሸጣት የለም። ዝውውር የፍየል ገበያ ነው፤ ታዳጊ ደግሞ ግልገሏ ናት። ማነጻጸሪያው እዚህ ላይ ይብቃ፤ ታዳጊዎች ንብረት አይደሉምና።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ የመውረድ ስጋት ነው። የአሜሪካ ሊጎች ዝግ ናቸው፤ የመጨረሻው ቡድን አይወርድም፤ እንዲያውም በመጀመሪያ ምርጫ ይካሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሸነፈ ይወርዳል፤ አሠልጣኙም በአምስተኛው ሽንፈት ይሰናበታል። ግሪን ቤይ ሦስት ዓመት መጠበቅ የቻለው የሚጠብቅበት ወንበር ስለነበረው ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሁለቱን ውሳኔዎች መለየት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለመትረፍ የሚታገል አሠልጣኝ ስለ 2021 ዓ.ም. እንዲያስብ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። እርሱ ለዚህ ዓመት የሚያስፈልጉትን አምስት ወይም ስድስት ነባር ተጫዋቾች ይምረጥ፤ የታዳጊዎቹ ምርጫና ውል ግን ከአሠልጣኙ መሰናበት በኋላም በሚቀር የክለቡ ቴክኒክ ኃላፊ እጅ ይሁን። በጀቱም በመደብ ይለይ፤ የታዳጊው ድርሻ በጥር ወር ለአንድ አጥቂ ፊርማ እንዳይዞር የሚከለክል ደንብ ከሌለ ይዞራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ያሠለጠኑት ልጅ ወደ አዲስ አበባ ክለብ ይሄዳል የሚል ነው። ይሄዳል። በውል ላይ እያለ ከሄደ ክለቡ ክፍያ ያገኛል፤ ያለ ውል ከሄደ ምንም አያገኝም። አንድ ቀን ወደ ውጭ ከተዛወረ ደግሞ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ያሠለጠኑት ክለቦች ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶውን እንዲከፋፈሉ ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል። ይህ ገንዘብ የሚገኘው ልጁ በየዓመቱ በስሙና በትክክለኛ እድሜው ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። ብዙ ታዳጊዎች የልደት ምስክር ወረቀት በሌላቸው አካባቢ የመዝገቡ ጉዳይ ከሥልጠናው እኩል ሥራ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በአዳራሽ ብዙም አይነገርም፤ በሻይ ላይ ግን ይነገራል። ምልመላው ወደ አካባቢ ሲቀርብ የባለሥልጣን፣ የዘመድና የጎሣ ግፊት አብሮ ይቀርባል፤ ከሩቅ የመጣ ተጫዋች ቢያንስ የማንም ልጅ አይደለም። ይህ ስጋት ሊናቅ አይገባውም። መፍትሔውም ከፊሉ በማሲና በቴለር ጥናት ውስጥ አለ። አንድ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ደካማ ከሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት መልማዮች ሳይነጋገሩ ለየብቻ የሚሞሉት የነጥብ ቅጽ የተሻለ ነው፤ ቅጹ የምርጫውን ትክክለኛነት ይጨምራል፤ «ለምን የእኔ ልጅ ቀረ?» ለሚል አባትም የሚታይ መልስ ይሰጣል። ግፊቱን አያጠፋውም፤ ግን በጽሑፍ የተያዘን ውጤት መለወጥ በቃል የተነገረን ከመለወጥ ይከብዳል።

እንዲህ ያለው ሥራ ከጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ደጅ የራቀ አይደለም። በፋፈን ዞን የታዳጊዎች ጨዋታ ላይ ማን፣ በየትኛው ቦታ፣ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ የሚያሳይ ተከታታይ መዝገብ በሁለት ወይም በሦስት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሊጀመር ይችላል። አምስት ዓመት ከዘለቀ በመልማዮች ነጥብና በተጫዋቾቹ የኋላ ውጤት መካከል ያለው ዝምድና ሊለካ ይችላል፤ የ52 በመቶው ቁጥር ጅግጅጋ ላይ ስንት እንደሚሆንም ይታወቃል። ለክለቦቹ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከሚያዝያ በፊት የሁሉንም ተጫዋች ቦታ፣ እድሜና ውሉ የሚያበቃበትን ወር በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ፤ ገጹንም ምክር ቤቱ የሐምሌውን በጀት ሊያጸድቅ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ማቅረብ።